የምሽት ክበብ ጥፋት ብቻ ነበርን?

ስለ ቀድሞዋ አዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ስካርንና የገንዘብ ብክነትን ነው። ወቀሳው መሠረተ ቢስ አይደለም። በውቤ በረሃ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ቤተሰቡን ያስራበ አባወራ ነበረ፤ በእነዚያ ቤቶች ሲያስተናግዱ ያመሹ ሴቶች የቀመሱት መከራም የሚዘነጋ አይደለም። ነገር ግን፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት የሚዛኑን ሌላ ወገን ተመልከቱ። በእኔ አስተያየት እነዚያ ክበቦች የዘመናዊ ሙዚቃችን ትምህርት ቤት ነበሩ።

ለምን ቢባል፣ አስቀድሞ ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለባሽ፣ መሣሪያውም የመንግሥት ንብረት ነበር። ክበቦችና ሆቴሎች በር ሲከፍቱለት ግን ባንድ አቋቁሞ በሙያው ማደር ቻለ። ትዝታና አምባሰል በሣክስፎንና በጊታር ሲሞከሩ ዳኛው ጨፋሪው ነበር፤ ዜማው ካልጣመው ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ማሕሙድ አሕመድም በአሪዞና ክበብ ተራ ሠራተኛ ሳለ፣ ዘፋኙ በቀረበት አንድ ሌሊት ተተክቶ በመዝፈን ነው የታወቀው። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ደፍሮ በ1961/62 ዓ.ም. የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ የከተማይቱን ድምፅ በመቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎች አስቀረልን።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሌሊቱ ቢዘጋም ሙዚቃው ጨርሶ አልጠፋም። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር፤ አንዳንድ ቤቶችም በራቸውን ከውስጥ ቆልፈው እንግዶቻቸውን እስኪነጋ ያስጨፍሩ ነበር። ሆኖም አምሃን ጨምሮ ብዙዎች አገር ጥለው ተሰደዱ።

ከዚያስ ምን ሆነ? በ1989/90 ዓ.ም. እነዚያ የድሮ ዜማዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፈረንሳይ እንደገና መታተም ጀመሩ፤ ዓለምም አደነቃቸው። እኛ የናቅነውን ሌሎች አክብረው ሰበሰቡት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደለምን?

የምሽት ክበብን አወድሱ አልላችሁም፤ ጥፋቱን ከውለታው ለዩ እላለሁ እንጂ። ሸክላው ዜማውን አስቀርቷል፤ ዜማው የተወለደበት ሌሊት ግን ያለው በአረጋውያን ልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ አያቶቻችሁና ወደ ጎረቤቶቻችሁ ሂዱ። የትኛው ቤት የት እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ተጫወተበት፣ በማግሥቱስ ምን እንደ ተወራ ጠይቁና ጻፉ። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝምና።