ኤጀንቱ የማን ነው?

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ቤት ለመግዛት የተነሳ ሐበሻ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ጥሩ ሐበሻ ኤጀንት ታውቃላችሁ?» ብሎ ነው። መልሱ ሩቅ አይደለም። የየሬስቶራንቱ መውጫ በቢዝነስ ካርድ ተሞልቷል፤ ሰርግ ላይም ከአንድ ጠረጴዛ አንድ ሪልተር አይጠፋም። በቋንቋችን የሚያስረዳ፣ ከዳውን ፔይመንቱ ግማሹ የዕቁብ ገንዘብ መሆኑን ሲሰማ የማይደነግጥ፣ ባንኩ ለዚያ ገንዘብ ማስረጃ እንደሚጠይቅም ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይህን አላጣጥልም። ቅር የሚለኝ ዝምድናውን እንደ ውል መቁጠራችን፣ በይሉኝታ ፈቃዱን አለመጠየቃችን፣ የተሰጠንንም ወረቀት «አንተ እያለህልን ምን እናነባለን» ብለን መፈረማችን ነው።

ከፈቃዱ ልጀምር። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የቤት ሽያጭ ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀው ትምህርት 60 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ፈተና። ቴክሳስ 180 ሰዓት ያስተምራል። የሰው ፀጉር ለመሥራት ከ60 ሰዓት ብዙ እጥፍ መማር ግድ በሆነበት አገር፣ የአንድን ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት የሚያስፈርም ሰው በጥቂት ሳምንት ትምህርት ገበያ ይወጣል። ፈቃድ ስላለው ብቻ ሥራውን ያውቃል ማለት አይቻልም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። አዲስ ኤጀንት ብቻውን መሥራት አይችልም፤ በብሮከር ሥር መሆን አለበት፤ ሜሪላንድ ውስጥ ብሮከር ለመሆን ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓመት መሥራትና 135 ሰዓት መማር ያስፈልጋል። ኮሚሽኑ የሚገባው ለብሮከሩ ነው፣ ኤጀንቱም ድርሻውን ከእሱ ይቀበላል። ስለዚህ «ቼኩን በእኔ ስም ጻፉት» የሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ እዚያው ላይ ብዕሩን አስቀምጡ። ሜሪላንድ ባለፈቃድ ኤጀንት ገንዘባቸውን ለበላባቸው ሰዎች እስከ 50,000 ዶላር የሚክስ የዋስትና ፈንድ አላት። ፈቃድ ለሌለው «ወንድማችን» የከፈለ ሰው ግን ከዚያ ፈንድ አንድ ሳንቲም አያገኝም። ፈቃዱ በሥራ ላይ መሆኑን በክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ስም አስገብቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም፣ በነጻም ነው።

አዲስ አበባ ቤት የገዛ ወይም የሸጠ ሰው የደላላውን ሰንሰለት ያውቀዋል፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ በክፍያው ቀን አይታችሁት የማታውቁት ሰው «እኔም አለሁበት» ብሎ ብቅ ይላል። ልማዱ አብሮን ባሕር ተሻግሯል። ታክስ የሚሠራልን ሰው፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥልን ሰው «ደንበኛ ልኬልሃለሁ» ብሎ ከኤጀንቱ ድርሻውን ይጠብቃል። እዚህ ግን ይህ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሬስፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ በባንክ ብድር በሚገዛ ቤት ላይ ሰው ልኮ ክፍያ መቀበልንም መስጠትንም ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስር ይደርሳል። ክፍያው የግድ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ ጊፍት ካርዱም ያው ነው። ባለፈቃድ ኤጀንቶች በብሮከሮቻቸው በኩል ኮሚሽን ቢካፈሉ ግን ሕጋዊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንበል እሑድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኦፕን ሀውስ ገባችሁ። ኩሽናው ውስጥ የቆመው ኤጀንት ገና ስታዩት ሐበሻ ነው። «እንዴት ዋላችሁ!» አለ፤ ወሬው ሞቀ፤ የየት ሰፈር ልጆች ናችሁ፣ እነ እገሌን ታውቃላችሁ ተባለ። ባለቤትሽ የምድጃውን መክፈቻ እየሞከረ «ቤቱስ በጣም ተመችቶናል» አለ። አንቺም ቀጠልሽ፤ «ባንኩ እስከ 640 ሺህ ፈቅዶልናል፤ ደግሞ የኪራይ ውላችን በዚህ ወር ያልቃል፣ ቸኩለናል።» ቤቱ የወጣው በ600 ሺህ ነው። ያ ሰውዬ የሻጩ ወኪል ነው። የነገራችሁትን ለሻጩ ማድረስ መብቱ ብቻ አይደለም፤ ግዴታው ነው። አዝኖላችሁ ቢደብቀው ጥፋተኛ የሚሆነው እሱ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ኦፈራችሁ ለምን «ትንሽ ከፍ አድርጉት» ተብሎ እንደተመለሰ ግራ ይገባችኋል።

ወኪል ለወከለው ሰው ታማኝ መሆን፣ ምስጢሩን መጠበቅ፣ የሚያውቀውን ሳይደብቅ መንገር፣ በእጁ ለገባው ገንዘብ ተጠያቂ መሆን፣ ሥራውን በጥንቃቄ መሥራትና ሕጋዊ ትእዛዙን መፈጸም አለበት። ለሌላው ወገን ያለበት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ አይዋሽም፣ የሚያውቀውን ከባድ የቤት ጉድለት አይሸሽግም፣ በቃ። ሜሪላንድ ውስጥ ኤጀንት ማንን እንደሚወክል የሚያስረዳ ቅጽ መስጠት አለበት። ቅጹን ፈርሞ የማያውቅ ገዢ የለም፤ ያነበበ ግን ስንት ነው?

የኛ ሰፈር ገበያ ጠባብ ስለሆነ ሻጭም ገዢም አንድ ኤጀንት ጋ መድረሳቸው የተለመደ ነው። «ሁለታችሁም የእኔ ናችሁ፣ አስማማችኋለሁ፣ ኮሚሽንም እቀንሳለሁ» ሲባል ሽምግልና ይመስለናል፣ ደስም ይለናል። ሜሪላንድ ይህን ለአንድ ሰው አትፈቅድም፤ ሁለቱም ወገኖች የአንድ ቢሮ ደንበኞች ከሆኑ ብሮከሩ ለየወገኑ የተለያየ ኤጀንት መመደብ አለበት፣ ሁለቱም በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ቨርጂኒያ በጽሑፍ ስምምነት አንድ ሰው ለሁለቱም እንዲሠራ ትፈቅዳለች። ሲፈቀድም ያ ኤጀንት «ይህ ዋጋ በዝቷል» ብሎ ሊመክራችሁ አይችልም፤ ምክር ለአንዱ ከሰጠ ሌላውን ከዳ ማለት ነው። ወረቀት አመላላሽ ሆኖ ይቀራል። ለወረቀት ማመላለስ ደግሞ ያን ያህል ኮሚሽን መክፈል፣ በእኔ እምነት፣ ገንዘብ መጣል ነው። ቅናሹም ቢሆን ከጠፋው ምክር ጋር ሲመዘን ብዙ ጊዜ ሚዛን አይደፋም።

የኮሚሽን ነገር ከተነሳ፣ በ2024 የተለወጠውን ሳታውቁ ቤት ለማየት እንዳትወጡ። ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ የዳኞች ጉባኤ በኦክቶበር 2023 በብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበርና በትልልቅ የቤት ሽያጭ ኩባንያዎች ላይ ከፈረደ በኋላ፣ ማኅበሩ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለመቀየር ተስማማ። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ የገዢ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር በጽሑፍ መዋዋል አለበት። ውሉ ላይ ክፍያው ተቆርጦ መጻፍ አለበት፤ «ሻጩ የሚሰጠውን ያህል» የሚል ክፍት ሐረግ አይበቃም፤ ኤጀንቱም ከዚያ ቁጥር በላይ ከማንም መቀበል አይችልም። ቁጥሩ ድርድር ነው፤ ሕግ የቆረጠው መቶኛ የለም። «የሁሉም እንደዚህ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ። ሦስት ነገር ደጋግማችሁ ተመልከቱ፤ ክፍያውን፣ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን፣ በሌላ ኤጀንት በኩል ብትገዙ ምን እንደምትከፍሉ። ስድስት ወር ከሚያስር ውል አንድ ወር የሚያስረው ይሻላል፤ ሰውዬው ጎበዝ ከሆነ ታድሱታላችሁ። ከሚቀርባችሁ ሰው ጋር ይህን መደራደር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ይሉኝታው ግን በወር ክፍያ ተቀይሮ ለ30 ዓመት ይከተላችኋል።

የሚቀጥለው ከኪስ ያለፈ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የቆዩ የመሬት ሰነዶችን የሚያገላብጥ ሰው፣ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ደጋግሞ ያገኛል። እንዲህ ባሉ ሰነዶች ላይ የተለመደ አንድ ልዩ ሁኔታም ነበር፤ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ማደር ይችላል። ዛሬ ቡና አፍልተን ወደምንጠጣበት ሳሎን ሰነዱ ያን ጊዜ እኛን የሚያስገባን በጓሮ በር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እነዚህን አንቀጾች እንዳያስፈጽሙ አገደ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕጉን የፈረሙት ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1968 ነው። ሕጉ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማዳላትን ከለከለ፤ ጾታ በ1974፣ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ መሆን በ1988 ተጨመሩ። አብዛኞቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ሕጉ ከወጣ በኋላ ነውና የተከፈተ በር ነው ያገኘነው።

ታዲያ ይኸው ሕግ ሲመለስ እኛን የሚነካበት ቦታ አለ። ሐበሻ ኤጀንት ሐበሻ ገዢን «ያ ሰፈር ሐበሻ ይበዛበታል፣ ይመቻችኋል» ብሎ ሲወስደው ክፋት የለውም። ሕጉ ግን ገዢን በትውልዱ እየለዩ ወደ አንድ ሰፈር መንዳትን፣ ስቲሪንግ የሚባለውን፣ ይከለክላል፤ ደግነትም አያድነውም። ኒውስደይ የተባለው ጋዜጣ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ገዢ መስለው የሚቀርቡ ሰዎችን ወደ 93 ኤጀንቶች ልኮ በ2019 ያወጣው ምርመራ፣ ጥቁር ፈታኞች ግማሽ በሚጠጋ ጊዜ፣ በትክክል 49 በመቶ፣ አድልዎ እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ኤጀንቶቹ የፊት ስድብ አልተናገሩም፤ ፈገግ ብለው የተለያየ የቤት ዝርዝር ነው የሰጡት።

ከእኛ በኩል ያለው ደግሞ የባሰ ነው፣ ሳልናገር አላልፍም። ኤጀንቱን «ጥቁር የሚበዛበት ሰፈር አታሳየን» የምንል አለን። ራሳችንን ምን ብለን እንደቆጠርን እንጃ። ኤጀንቱ ይህን ትእዛዝ መፈጸም አይችልም፤ የመታዘዝ ግዴታው ሕጋዊ ለሆነ ነገር ነው፣ ቢታዘዛችሁ ፈቃዱን ነው የሚያስይዘው። የምትፈልጉትን በቦታ ንገሩት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ 15 ደቂቃ፣ ከሜትሮው በእግር፣ ልጆቹ በዚህ ትምህርት ቤት ክልል። ይህን ያለ ሥጋት ይፈልግላችኋል። «ሰፈሩ ጥሩ ነው?» ብላችሁት «የፖሊስና የትምህርት ቤት መረጃው በይፋ አለ፣ ራሳችሁ እዩት» ቢላችሁም ኮርቶባችሁ እንዳይመስላችሁ።

ማስታወቂያዎቻችንስ? «ቤዝመንት ለሐበሻ ብቻ»፣ «ክርስቲያን ብትሆን ይመረጣል»፣ «ልጅ ለሌላቸው»። በአማርኛ መጻፉ ከሕግ አያስመልጥም። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት እስከ አራት መኖሪያ ያለው ቤት ተከራይ በመምረጥ ረገድ ከፌዴራሉ ሕግ የተወሰነ ነጻነት አለው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ግማሹን ነው። ማስታወቂያን የሚመለከተው ክልከላ ግን ለእነዚህም ቤቶች ይሠራል። መታጠቢያና ኩሽና የሚጋሩ ከሆነ «ሴት» ብሎ መጻፍ ይታለፋል፤ «ሐበሻ» ብሎ መጻፍ አይታለፍም። ለማከራየት የወጣውን ቤት፣ ዋጋውን፣ ሲጋራ መከልከሉን ጻፉ፤ የሰውዬውን ትውልድ ተዉት። የኪራይ ድጎማ ቫውቸር የያዘ ሰው አንቀበልም የምትሉም የክፍለ ግዛታችሁን ሕግ አንብቡ። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ በገቢ ምንጭ ማዳላትን ከልክላለች፤ ቨርጂኒያና ዲሲም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ቫውቸር ይዘው ቤት ከሚፈልጉት መካከል የእኛው እናቶች አሉ።

በሩ በእኛ ላይ ሲዘጋም ይኸው ሕግ ነው የሚያገለግለን። በስልክ አነጋገራችሁን ሰምቶ «ተይዟል» ያለ አከራይ፣ ከሰዓት በኋላ አሜሪካ የተወለደች ልጃችሁ ስትደውል «መጥተሽ እዪው» ካላት፣ ያ አጋጣሚ ላይሆን ይችላል፤ በአነጋገር ምክንያት ቤት መከልከል በትውልድ አገር እንደ ማዳላት ሊቆጠር ይችላል። እንዲህ ያለውን ፍተሻ ፍርድ ቤት የሚያውቀው ነው፤ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አጠገብ ከተነሳ ጉዳይ ተነስቶ፣ ቤት ሳትፈልግ ለመፈተሽ ብቻ ጠይቃ የተዋሸች ጥቁር ሴትም መክሰስ ትችላለች ብሏል። ለፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ገንዘብ አያስከፍልም፤ ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የፌዴራሉ አቤቱታ በአንድ ዓመት፣ የፍርድ ቤት ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የደወላችሁበትን ሰዓት፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ማስታወቂያው ገና እንዳልወረደ የሚያሳየውን ስክሪንሾት በዚያው ዕለት አስቀምጡ፤ በማግስቱ ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ሊነሳ ይችላል።