ስለ ዲኖች ጉባኤ

የዩኒቨርሲቲ ሥራ በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የመምህራን ድልድል፥ የፈተና ቀን፥ የውጤት ማጽደቅ፥ ይህ ሁሉ በጉባኤ ተመክሮ የሚወሰን ነው። ነገሩ ለተመልካች ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ሳይጸድቅለት የቆየ ተማሪ ዲግሪውን ሳይቀበል፥ ሥራም ሳይዝ ዓመቱ ያልፍበታል።

በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማስተማር የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 በወጣ ጊዜም ራሱን ለማስተዳደር የመጀመሪያው ሆነ። ሥልጣን በተሰጠበት ስፍራ ኃላፊነትም አብሮ ይኖራልና፥ የዘገየውን ሥራ ሁሉ በሚኒስቴር ማመካኘት አይገባም።

ስለዚህ የመነጋገሪያው ጉዳይ ከጉባኤው ቀን አስቀድሞ ለዲኖቹ ተጽፎ ይሰጥ፤ የተወሰነውም ከነፈጻሚው ስምና ከነቀኑ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ የሚቀጥለው ጉባኤ ሲከፈትም ያለፈው መፈጸሙ አስቀድሞ ይጠየቅ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሏል። ወላጅ ልጁን ለትምህርት ሲሰጥ የልጁን ዕድሜ አብሮ ሰጥቷልና፥ ያን ዕድሜ በቸልታ ማሳለፍ አደራን መብላት ነው።