ስለ ኵሬ ዓሣ ዘር መምረጥ

ለጎንደርና ለደጋው አገር ሹማምንት፥ ኵሬም ላስቈፈራችሁ ባለይዞታዎች፤

የደጋ ገበሬ የዘር ገብሱን ሲለይ ፍሬው የሞላውን ዛላ ያስቀምጣል እንጂ የኰሰመነውን ለዘር አያኖርም። ኮርማ ሲፈልግም የእናቱን ወተት ይጠይቃል። ይኸው ሰው ግን የዓሣ ኵሬ ባለቤት በሆነ ጊዜ ጥበቡን ይረሳል። የዐቢይ ጾም ገበያ ሲደርስ (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እተወዋለሁ) ትልልቁን ቀረሶ አውጥቶ ይሸጣል፤ በኵሬው ቀርቶ የሚወልድለት ቀጫጫው ነው። ቀረሶ ገና ትንሽ ሳለ ይራባልና ኵሬው ቶሎ ይሞላል፤ መጣበቡም ዘሩም ተባብረው ዓሣውን ያሳንሱታል። ባለቤቱ ግን ውኃውንና መኖውን ይወቅሳል።

በዚህ ነገር ሌላው ዓለም ቀድሞናል፤ የቀደመንም በአፍሪካ ዓሣ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓመት በተጀመረ ሥራ፥ በፊሊፒንስ አገር የነበሩ ሊቃውንት ከግብጽ፥ ከጋና፥ ከኬንያና ከሴኔጋል ያመጡትን ቀረሶ በእስያ ኵሬዎች ከሚረባው ጋራ አዳቀሉ፤ ከየትውልዱም ፈጥኖ ያደገውን እየለዩ አስወለዱ። ዕድገቱ በየትውልዱ ከመቶ ከ10 እጅ በላይ ጨመረ።

ያንን ዘር እናስመጣ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። የጣና ቀረሶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ዓመት የተለየ ወገን ሆኖ በሐይቁ ስም ተሰይሟል። የመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ይፈሳልና ከኵሬ ያመለጠ ባዕድ ዓሣ ከዚህ ወገን ጋራ ይደባለቃል። ደግሞም ያ ዓሣ የተመረጠው በሙቅ አገር ውኃ ነው፤ ዘር ሊመረጥ የሚገባው በሚያድግበት ውኃ ነው። ለደባርቅ ብርድ ግን የጣናውንም ቢሆን አልመክርም፤ ለደምቢያ ይበቃል።

አመራረጡም ጥንቃቄ ይሻል። ዕድሜያቸው እኩል፥ መኖአቸውም አንድ የሆኑት ይመዘኑ። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋልና ትልልቁን ብቻ የለየ ሰው ወንዶችን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ወንዱ ከወንድ፥ ሴቷ ከሴት ጋራ ትነጻጸር። በሕይወት መቈየት ግን በሚዛን አይታወቅም፤ የሞተ ዓሣ አይመዘንምና። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጥንድ ልጆች በተለየ መረብ ውስጥ አሳድጎ የተረፉትን መቍጠር፥ ብዙ ከተረፈለትም ቤተ ዘመድ መምረጥ ነው። ወላጆቹም ጥቂት አይሁኑ፤ ወንድምና እኅት ሲዋለዱ ጫጩቱ ይደክማል።

ይህ ሁሉ መዝገብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ገበሬው ብቻውን አይችለውም። አንድ የዘር ኵሬ በጎርጎራ አጠገብ፥ የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማእከል እየረዳ ቢቆም፥ በየወረዳው ከሚቈፈሩት ከብዙዎቹ ኵሬዎች ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ወደ እኛ የሚመጡት የሥራ መግለጫዎች ስንት ጫጩት እንደ ተጨመረ ይናገራሉ፤ የወላጆቹን ነገር የሚናገር ግን ገና አላየሁም። አዲስ ኵሬ ለማስቈፈር ገንዘብ የምትጠይቁ ሹማምንት፥ ጫጩቱ ከየት እንደሚመጣ፥ ወላጆቹም እንዴት እንደ ተመረጡ በማመልከቻችሁ ጨምራችሁ ጻፉ።