ሁለት ጊዜ የመረጠችው የአክስቴ ልጅ

ባለፈው እሑድ ወላይታ ሶዶ የተዳረችው የአክስቴ ልጅ ድሬ መጥታ እኛ ቤት ነበረች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ልማዳችን ግቢው ላይ ውኃ ረጭተን፣ ምንጣፍ አንጥፈን ቡና አፈላን። ጨዋታ ጨዋታን አንሥቶ ስለ ሕዝበ ውሳኔው ስትነግረን አመሸች። ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በ6 ዞኖችና በ5 ልዩ ወረዳዎች የሚኖረው ሕዝብ አዲስ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል እንዲመሠረት ይደግፍ እንደሆነ ተጠይቆ ድምፅ ሰጠ። ምልክቱ ለሚደግፍ ነጭ እርግብ፣ ለማይደግፍ ጎጆ ቤት ነበር።

«ባሌ እርግቧን አለኝ፤ አማቴም እንደዚያው። እኔም ምንም ሳልጠይቅ የተባልኩትን አደረግሁ» አለችን።

ምርጫ ቦርድ ግን በወላይታ ዞን የሕግ ጥሰት ተፈጽሟል ብሎ የዞኑን ውጤት ሰረዘ። ሰኔ 12 ቀን ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ። የአክስቴ ልጅ በመሀሉ ባሏን መጠየቅ ጀመረች። እርግቧ ብታሸንፍ መሥሪያ ቤቱ የት ይሆናል? ጎጆዋ ብታሸንፍስ ከማን ጋር እንቀራለን? ባሏ መልስ አጣ። አይፈረድበትም፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ስለ መቀመጫ ከተማ አይጠይቅም ነበር። ክልሉ ከተመሠረተ በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ ለ6 ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ሶዶ የአስተዳደሩ፣ አርባ ምንጭ የምክር ቤቱ መቀመጫ ሆኑ።

እኛም በምሥራቅ ይህን እናውቀዋለን። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ከ420 በላይ ቀበሌዎች ወደ ኦሮሚያ ወይም ወደ ሶማሌ ክልል ለመካለል ድምፅ ሰጥተው ነበር። ድምፁ ተቆጠረ፤ የወሰኑ ጣጣ ግን አላለቀም። በ2010 ዓ.ም. ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች እዚሁ ድሬ መጥተው ሲጠለሉ በዓይናችን አይተናል።

እንደራሴ ካልተመቸን በአምስት ዓመቱ እንቀይረዋለን። ክልልና ወሰን ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከምልክቱ በፊት ጽሑፉን እናንብብ፤ ማንበብ ለማይችሉ አባትና እናቶቻችን ጮክ ብለን እናንብብላቸው። «አዎ» ሲያሸንፍም «አይ» ሲያሸንፍም በማግስቱ ምን እንደሚሆን እንጠይቅ። በቁጥር አንሶ የሚቀረው ጎረቤታችን ምን እንደሚገጥመው እናስብ። ወረቀቱ የማይመልሰውንም ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ኃላፊዎቹን እንጠይቃቸው። ቤት ውስጥ እስኪበቃን እንከራከር፤ መጋረጃው ውስጥ ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን።

እናቴ አላስቻላትም፤ «ታዲያ ሁለተኛው ላይ የቱን መረጥሽ?» አለቻት።

«እሱን ባሌም አያውቅ፣ እማዬ» ብላ ሦስተኛውን ቡና ቀዳችላት።