«ስልክዎ ስማርት አይደለም»

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤቴን እማማን አጅቤ ባንክ ሄጄ ነበር። የልጃቸው ገንዘብ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነው። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ቀፏቸውን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ይሄ አፑን አይጭንም፤ ስማርት ስልክ ያስፈልግዎታል» አላቸው።

እማማ ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። ስልኩን ልጃቸው ከቤሩት የላከችላቸው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የሰፈሩ ወጣት እየተቀባበለ ፎቶ ተነስቶበታል። ዛሬም ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ታዲያ ስማርትነቱን ማን ወሰደበት?

ትርጉሙ ነው የሸሸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአይቢኤም «ሳይመን» ለገበያ ሲቀርብ የሚደነቀው በታች ስክሪኑና ፋክስና ኢሜይል በመላኩ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደ መጽሐፍ የሚገለጠው ኖኪያ ኮሚዩኒኬተር መጣ። ቀጥሎ የብላክቤሪ ቁልፎች ነገሡ። በ2007 አይፎን ሲወጣ ደግሞ «ሌላ ፕሮግራም የማይጫንበት ስልክ እንዴት ስማርት ይባላል?» ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ የአፕ መደብሩ የተከፈተው በ2008 ነውና። ያ የመጀመሪያው አይፎን ማክሰኞ ዕለት ከእኛ ጋር ቢሰለፍ ኖሮ እንደ እማማ ስልክ ይመለስ ነበር።

«ዘመናዊ ስልክ» የሚለውን አማርኛ የሚነቅፉ ወዳጆች አሉኝ፤ «ስማርት ማለት ብልህ ነው እንጂ ዘመናዊ አይደለም» ይላሉ። እኔ ግን ከእንግሊዝኛው ይልቅ እውነቱን የተናገረው የእኛው ቃል ነው እላለሁ። ብልህ ቢያረጅም ብልህ ነው። ዘመናዊ ግን ዘመኑ ሲያልፍ ስሙንም ይቀማል።

«አሮጌ ስልክ ለደኅንነት ያሰጋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ ማስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በ*127# ኮድ በበተን ስልክ ጭምር ይሠራል። አፕ የማይጭን ስልክ የያዘን ሰው ማገልገል እንደሚቻል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እማማ ሁለት ሰዓት ተሰልፈው የልጃቸው ገንዘብ መግባት አለመግባቱን ሳያውቁ ተመለሱ። ልጅቷ ያንን ገንዘብ የምታገኘው በሰው ቤት ሠርታ ነው። የባንክ ኃላፊዎች፣ አፑን እንደፈለጋችሁ አሳምሩት፤ ኮዱንና መስኮቱን ግን አትዝጉባቸው።