የከብት ማድለብ ትርፍ በሚዛንና በቀን ይወሰናል

የክረምቱ እርሻ ሲጠናቀቅ በሥራ የደከሙ በሬዎች ወደ ገበያ ይወጣሉ። ሣሩም የሚለመልመው በዚሁ ወቅት ነው። በመሆኑም ከመስቀል በኋላ የከሳ በሬ ገዝቶ በግጦሽ አድልቦ ለገና መሸጥ በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች የተለመደ ሥራ ሆኗል። ይሁን እንጂ በመግዣና በመሸጫ መካከል የሚታየው ልዩነት ሁሉ ትርፍ አይደለም።

ለስሌት እንዲያመች 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በቁም ክብደቱ በኪሎ 200 ብር ሒሳብ በ50 ሺህ ብር ተገዛ እንበል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ገና መዳረሻ ባሉት 90 ቀናት በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ቢጨምር ጭማሪው 45 ኪሎ ነው። ይህም በተገዛበት ዋጋ ሲተመን 9 ሺህ ብር ይሆናል። ለመኖ፣ ለጥበቃ፣ ለሕክምናና ለብድር ወለድ በቀን 100 ብር ቢወጣ ወጪውም ያው 9 ሺህ ብር ነው። በሬው ወፍሯል፤ አርሶ አደሩ ግን አላተረፈም።

ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው እንግዲህ የኪሎው ዋጋ ነው። ለገና 230 ብር ቢገባ 295 ኪሎ የደረሰው በሬ 67 ሺህ 850 ብር ያወጣል፤ የመግዣውና የማድለቢያው ወጪ ሲቀነስ 8 ሺህ 850 ብር ይተርፋል። ዋጋው ወደ 190 ብር ቢወርድ ግን 2 ሺህ 950 ብር ይከሰራል። በዓይን ግምት ተታሎ በኪሎ 10 ብር አስበልጦ የገዛም 2 ሺህ 500 ብሩን ያጣው ገና በመግዣው ቀን ነው። ሚዛን በሌለበት ገበያ የደረት ዙሪያን ለክቶ ክብደት መገመት ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት ያድናል።

ሌላው ስህተት ሣሩን በነጻ እንደተገኘ መቁጠር ነው። ከራስ ማሳ የተገኘ ሣርም ቢሆን ታጭዶ ድርቆሽ ሆኖ ሊሸጥ ይችል ነበር። በበጋው ደግሞ ሣሩ ሲደርቅ የፕሮቲን ይዘቱ ስለሚቀንስ በግጦሽ ብቻ የሚውል ከብት ክብደት መጨመሩ ቀርቶ ይከሳል። ለፋሲካ ሁለተኛ ዙር ለማድለብ ያሰበ አርሶ አደር ሣሩ ማበብ ሲጀምር አጭዶ ድርቆሽ ካላከማቸ ፉርሽካና ፋጉሎ በውድ ይገዛል። በረግረጋማ መሬት የሚግጡ ከብቶችም የጉበት ትል ስለሚያጠቃቸው ወደ ማድለብ ከመግባታቸው በፊት መታከም ይኖርባቸዋል።

የመሸጫ ቀንን ማሳለፍም ዋጋ ያስከፍላል። ከዐቢይ ጾም ቅበላ በፊት ያልተሸጠ ድልብ በሬ የሥጋ ገበያው በሚቀዘቅዝባቸው 55 ቀናት መቀለቡን ይቀጥላል።

ወረዳዎች ሊያግዙ የሚችሉትም በእነዚሁ ነጥቦች ላይ ነው። የማድለቢያ ብድር መስከረም ላይ ካልደረሰ የሣሩ ጊዜ ያልፋል፤ መክፈያው ከበዓሉ በፊት ከሆነም አርሶ አደሩ ያልደረሰ በሬ ለመሸጥ ይገደዳል። በከብት ገበያዎች ሚዛን ማቆምና የአጎራባች ገበያዎችን የኪሎ ዋጋ በየሳምንቱ ማሳወቅ ደግሞ ገዢውም ሻጩም በደላላ ግምት ብቻ እንዳይመሩ ያደርጋል። ወጪውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመዘገበ አርሶ አደር በሬውን በምን ዋጋ መሸጥ እንደሌለበት ገበያ ሳይወጣ ያውቃል።