ተረት ገበያ ሲወጣ፤ ትርፉ ከማሽኑ ነው ከውሉ?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኦርላንዶ ከተማ በሚገኘው የዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርክ ውስጥ አንድ የገንዘብ መመንዘሪያ ቤት አለ። ቤቱ ዶላር ተቀብሎ የ«ግሪንጎትስ» ባንክን ኖት ይሰጣል። ግሪንጎትስ በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ውስጥ እንጂ በዓለም ላይ የሌለ የአስማተኞች ባንክ ነው። ጎብኚው በኖቱ ከፓርኩ ሱቆች ዕቃ ሊገዛ ይችላል፤ ለመታሰቢያ ብሎ ኪሱ ከትቶት ወደ ቤቱ የሚሄድም አለ። ያን ጊዜ ፓርኩ ለኅትመት ካወጣው በቀር ምንም ዕቃ ሳያስረክብ ዶላሩን አስቀረ ማለት ነው። የተረት ንግድ ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ ነጋዴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የመዝናኛ ፓርክ ነገር ሲነሣ የባለሀብቱ ሐሳብ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ማሽኑ ነው። የሚሽከረከረውና የሚወነጨፈው ከየት ይመጣል? ስንት ያወጣል? ቀረጡስ? ይባላል። ይሁን እንጂ ማሽን ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚገዛው ዕቃ ነው። ጎረቤት በከርሞው ያንኑ ቢያስመጣ ገበያው ለሁለት ይከፈላል። የተወደደ ታሪክን በውል የያዘ ሰው ግን ተወዳዳሪው ያንኑ ሊያስመጣበት አይችልም።

ለዚህም ዩኒቨርሳል ራሱ ምስክር ነው። «አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር» የተባለው ፓርኩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የዘርፉ አጥኚዎች ግምት እንደሚያሳየው በ2009 የጎብኚው ቁጥር 4.6 ሚሊዮን ያህል ነበር። የሃሪ ፖተር መንደር በሰኔ 2010 ተከፈተ። በ2011 ቁጥሩ ወደ 7.7 ሚሊዮን አሻቀበ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መንደሩ ሲከፈት ከነበሩት ሦስት መጫወቻዎች ሁለቱ ቀድሞ እዚያው የነበሩ መሆናቸው ነው። ስማቸውና ገጽታቸው ተለውጦ ነው የሃሪ ፖተር የሆኑት። ብረቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ታሪኩ ነው።

ገንዘቡ የሚገባውም በመግቢያ ትኬት ብቻ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ልጆቹ የአስማት ዘንግ ይገዛሉ፤ ጎብኚውም ከዚያው ሱቅ ዘንግ ይገዛል። በታሪኩ ውስጥ «በተርቢር» የሚባል መጠጥ አለ፤ ጎብኚውም ተሰልፎ ይጠጣል። በ2014 ሁለተኛው መንደር በአጎራባቹ የዩኒቨርሳል ፓርክ ሲከፈት፣ ሁለቱን የሚያገናኘው የታሪኩ ባቡር ሆነ። በባቡሩ ለመሳፈር የፈለገ ለሁለቱም ፓርኮች የሚያገለግል ትኬት መግዛት አለበት። ዕቃ መግዛቱ ራሱ የታሪኩ ክፍል ስለሆነ ገዢው ገንዘብ ሲያወጣ የተጫወተ ይመስለዋል።

ታዲያ ዝነኛ ታሪክ የያዘ ሁሉ ያተርፋል ማለት አይደለም። ዲዝኒ በመጋቢት 2022 ስታር ዋርስን የሚያህል ታሪክ ይዞ፣ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ የጠፈር መርከብ የሚመስል 100 ክፍሎች ያሉት ሆቴል ከፈተ። ለሁለት ሰው የሁለት ሌሊት ዋጋው 4,800 ዶላር ገደማ ነበር። በመስከረም 2023 ተዘጋ። ዘንግ የገዛ ሕፃን ወላጆቹን ጎትቶ ሊመለስ ይችላል፤ በዚህ ዋጋ አንዴ ያደረ ቤተሰብ ግን ደግሞ የሚመጣበት ምክንያት ጥቂት ነው። ታሪኩ ደንበኛን በር ድረስ ያመጣል፤ ዋጋው ደግሞ ከበር ይመልሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ለባለሀብትም ሆነ ለደላላ ትምህርት የሚሆነው የውሉ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሳል የማርቭል ጀግኖችን፣ እነ ስፓይደርማንን በፓርኩ ለመጠቀም የተዋዋለው በ1994 ነበር። በ2009 ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው። ይሁንና ዛሬም ድረስ ስፓይደርማን ኦርላንዶ ላይ ሕዝብ የሚያዝናናው በዲዝኒ ሳይሆን በተፎካካሪው ፓርክ ነው። ባለቤቱ በገዛ ንብረቱ እዚያ ሊያዝበት አልቻለም። በጥንቃቄ የተጻፈች አሮጌ ወረቀት ከአራት ቢሊዮን ዶላር በረታች። በተቃራኒው ደግሞ ውሉን አጣርቶ ሳይፈርም ሕንፃ የገነባ ሰው፣ የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ የቆመ ግድግዳ ብቻ ነው የሚተርፈው።

የፈቃድ ክፍያ የማይችልስ? የኔዘርላንዱ «ኤፍቴሊንግ» በ1952 የተረት ደኑን የከፈተው ማንም ባለቤት በማይከራከርባቸው የቆዩ ተረቶች ነው። ተረቶቹን ማንም ሊወስድ ይችላል። አንቶን ፒክ የተባለው ሠዓሊ ለፓርኩ የነደፈው መልክ ግን የኤፍቴሊንግ መለያ ሆነ። እዚያ አፉን ከፍቶ «ወረቀት ወዲህ» የሚል ሆዳም ሰውዬ አለ። ቆሻሻ መጣያ ነው፤ ልጆች ሊያጎርሱት ወረቀት ሲለቅሙ ይውላሉ። ለጽዳት ሠራተኛ የሚወጣው ወጪ በተረት ሲቀንስ ማለት ይኸ ነው።

በአዲስ አበባም የልጆች መጫወቻ ሥፍራ ለመክፈት ያሰበ ነጋዴ የማሽን ካታሎግ ከማገላበጡ በፊት ይህን ቢያሰላ ይጠቀማል። ጅብና ቀበሮ፣ ጦጣና አንበሳ የሚናገሩበት ተረት በየቤቱ ሞልቷል፤ ፈቃድ የሚያስከፍል የለም። ከተረት ጸሐፊ የወሰደ ከጸሐፊው፣ መልኩን ያሠራ ከሠዓሊው ጋር ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ይዋዋል። የውጭውን ፊልም ሥዕል ሳያስፈቅዱ ግድግዳ ላይ መቀባት ግን ዛሬ ርካሽ ቢመስልም፣ ንግዱ ያደገ ዕለት ባለቤቱ ሒሳቡን ይዞ ብቅ ይላል። ብረቱ ይዝጋል፣ ቀለሙም ይለቃል። በባለሀብቱ እጅ የሚቀረው በስሙ የተጻፈለት ብቻ ነው።